የቤተሰብ ሕክምና፦ አዳዲስ ሐኪሞች ሙያውን የሚመርጡባቸው መንገዶችና የጤና አገልግሎት በበቂ ያልደረሳቸው ማኅበረሰቦች

መግቢያ

የጠቅላላ ሕክምና ትምህርቱን አጠናቅቆ የሥራ ፈቃድ ያገኘ አዲስ ሐኪም ከሚወስናቸው ውሳኔዎች መካከል የሙያ ሕይወቱን አቅጣጫ ይበልጥ የሚለውጠው የስፔሻሊቲ ምርጫው ነው። ውሳኔው የግል ቢሆንም ውጤቱ ከሐኪሙ ያልፋል። የሚመረጠው የሕክምና ዘርፍ ሐኪሙ የት እንደሚኖር፣ በየትኛው ደረጃ በሚገኝ ተቋም እንደሚሠራና ማንን እንደሚያክም በከፊል አስቀድሞ ይወስናል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 84 በመቶ ያህሉ በገጠር የሚኖር ነበር። በአንጻሩ አብዛኞቹ የስፔሻሊቲ ዘርፎች ሥራቸውን የሚያከናውኑት በትልልቅ ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ነው። የቤተሰብ ሕክምና ይህን ርቀት ለማጥበብ ታስቦ ከተዘረጉት ጥቂት የስፔሻሊቲ ዘርፎች አንዱ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሙያው ምንነት፣ በአገራችን ስለ ተጀመረበት ሁኔታ፣ ሐኪሞች ወደ ሙያው ስለሚመጡባቸው መንገዶች እንዲሁም ምርጫውን ስለሚያግዙና ስለሚያከብዱ ጉዳዮች መረጃ ይሰጣል። የተዘጋጀውም ለሕክምና ተማሪዎች፣ ለኢንተርንና ለጠቅላላ ሐኪሞች፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለጤና ተቋማት ኃላፊዎች ነው።

የቤተሰብ ሕክምና ምንድን ነው?

አብዛኛዎቹ የስፔሻሊቲ ዘርፎች በአንድ የሰውነት ክፍል፣ በአንድ የዕድሜ ክልል ወይም በአንድ የሕክምና ስልት የተወሰኑ ናቸው። የቤተሰብ ሕክምና ግን የሚገለጸው ሐኪሙ ከታካሚው ጋር ባለው ግንኙነት ነው። የቤተሰብ ሐኪም ሕፃኑንም፣ እናቱንም፣ አያቱንም ያያል፤ አንድ ሕመም ሲድን ግንኙነቱ አይቋረጥም።

የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤን በማጥናት የሚታወቁት አሜሪካዊቷ ሐኪም ባርባራ ስታርፊልድ (እ.ኤ.አ. 1932–2011) ይህን ዓይነቱን አገልግሎት በአራት ባሕርያት ገልጸውታል። እነዚህም፦

- የመጀመሪያ መገናኛ መሆን፦ ታካሚው አዲስ የጤና ችግር ሲገጥመው ቀድሞ የሚሄድበት ሐኪም ወይም ተቋም መኖሩ፤
- ቀጣይነት፦ አንድ ሐኪም ወይም አንድ ቡድን ታካሚውን ለዓመታት መከታተሉ፤
- ሁለንተናዊነት፦ አብዛኛው የጤና ችግር በዚያው ተቋም መፍትሔ ማግኘቱ፤
- ቅንጅት፦ ታካሚው ወደ ሌላ ተቋም ሲላክና ሲመለስ መረጃውና ሕክምናው እንዳይበታተን ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ መኖሩ ናቸው።

በሕዝቡ ዘንድ የቤተሰብ ሐኪምና ጠቅላላ ሐኪም አንድ ተደርገው ሲታዩ ይስተዋላል። ጠቅላላ ሐኪም የመጀመሪያውን የሕክምና ዲግሪ ያጠናቀቀ ባለሙያ ነው። የቤተሰብ ሐኪም ግን ከዚህ በኋላ የሦስት ዓመት የሬዚደንሲ ሥልጠና የወሰደ ስፔሻሊስት ነው። በሥልጠናው ከውስጥ ደዌ፣ ከሕፃናት፣ ከማህፀንና ጽንስ፣ ከቀዶ ሕክምናና ከድንገተኛ ሕክምና የተውጣጡ ክህሎቶችን በአንድ ላይ ይይዛል።

የሕክምና ትምህርት የሚሰጥበት ቦታና ሕዝቡ የሚታመምበት ቦታ

አዳዲስ ሐኪሞች ይህን ዘርፍ ለምን እንደማይመርጡ ለመረዳት ትምህርታቸውን የት እንደተማሩ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ኬር ዋይት የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የተሰበሰቡ መረጃዎችን መሠረት አድርገው ዛሬም ድረስ የሚጠቀስ ስሌት አቅርበዋል። በስሌቱ መሠረት ከ1,000 ዐዋቂ ሰዎች መካከል በአንድ ወር ውስጥ 750ዎቹ አንድ ዓይነት ሕመም ይሰማቸዋል፤ 250ዎቹ ሐኪም ያማክራሉ፤ 9ኙ ሆስፒታል ይተኛሉ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚላከው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ በእኛ አገር ሁኔታ ሊለዩ ቢችሉም የሚያነሡት ጥያቄ ለእኛም የሚሠራ ነው። የሕክምና ተማሪ አብዛኛውን የተግባር ትምህርቱን የሚወስደው ያ አንድ ሰው በተኛበት ሆስፒታል ነው። የሚያስተምሩትም የልብ፣ የኩላሊት፣ የነርቭና ሌሎች ጠባብ ዘርፎች ስፔሻሊስቶች ናቸው። የቀሩት 999 ሰዎች የሚኖሩበትን ቤት፣ የሚጠጡትን ውኃና ጤና ጣቢያ ለመድረስ የሚሄዱበትን መንገድ የሚያየው ጥቂት ጊዜ ነው። ተማሪው አርአያ የሚሆነውን የቤተሰብ ሐኪም በትምህርት ዘመኑ ሁሉ ሳያገኝ ሊመረቅ ይችላል። ያላየውን ሙያ ባይመርጥ ሊያስገርም አይገባም።

በጤና ሥርዓታችን ውስጥ የቤተሰብ ሐኪም ቦታ

የኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት በሦስት ደረጃዎች የተዋቀረ ነው። በገጠር የመጀመሪያው ደረጃ ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ያካትታል። በመዋቅሩ መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጡ የታቀዱ ናቸው። ከዚህ በላይ ጠቅላላ ሆስፒታሎችና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠልጥነው ደመወዝ የሚከፈላቸውን ሴት ባለሙያዎች እስከ ቀበሌ ድረስ አድርሷል። በክትባት፣ በቤተሰብ ዕቅድ፣ በእናቶችና ሕፃናት ጤና እንዲሁም ወባን በመከላከል ረገድ የተመዘገቡ ለውጦች ያለ እነዚህ ባለሙያዎች የሚታሰቡ አይደሉም። ይሁንና የበሽታው ዓይነት እየተቀየረ መጥቷል። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ የልብ ሕመም፣ ካንሰርና የአእምሮ ሕመም ዘመቻን ሳይሆን የዓመታት ክትትልን ይጠይቃሉ። በጤና ኬላ የተለየ ሕመምተኛ በጤና ጣቢያው ወይም በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ ሕክምናውን የሚወስንለትና የሚከታተለው ሐኪም ካላገኘ ቅብብሎሹ በመሐል ይቋረጣል። የቤተሰብ ሐኪም ዋነኛ ቦታ ይህ መሐል ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የቤተሰብ ሐኪም ብቻውን አይሠራም። ጤና መኮንኖች፣ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች ከእርሱ ጋር ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በማስተርስ ደረጃ በሠለጠኑ የተቀናጀ ድንገተኛ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አማካይነትም በወሊድ ጊዜ የሚያስፈልግ ቀዶ ሕክምና በወረዳ ደረጃ መሰጠት ጀምሯል። የቤተሰብ ሐኪሙ ድርሻ የእነዚህን ባለሙያዎች ሥራ በአንድ ታካሚ ዙሪያ ማገናኘት፣ የተወሳሰቡ ሕመሞችን መመርመር፣ ባልደረቦቹን በሥራ ላይ ማሠልጠንና በአካባቢው ለሚታየው የጤና ችግር ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር መፍትሔ መፈለግ ነው።

ሥልጠናው በኢትዮጵያ እንዴት ተጀመረ?

ሐኪምን ለገጠሩ ሕዝብ ማዘጋጀት በአገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀጠፈ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተመሠረተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለጤና ጣቢያዎች ያሠለጥን ነበር። የተለያዩ ሙያዎች ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ማኅበረሰቡ የሚወጡበት የትምህርት ስልትም ከዚያ የመነጨ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መሠረቱ አድርጎ ተነሥቷል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የአልማ አታ መግለጫ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ጤናን ለሁሉም ለማዳረስ ቁልፍ መሆኑን አውጇል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በአስታና የተሰበሰቡ አገሮችም ይህንኑ አድሰዋል።

የቤተሰብ ሕክምና የሬዚደንሲ ሥልጠና በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዝግጅቱ የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተሳትፈዋል። በኋላ የካናዳ ጤና ሚኒስትር የሆኑት የቤተሰብ ሐኪም ጄን ፊልፖት ሥልጠናውን ካገዙት መካከል ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቀዋል። ዘርፉ ከሌሎቹ የስፔሻሊቲ ዘርፎች አንጻር ገና ወጣት ነው፤ ስለዚህም ዛሬ የሚገቡበት ሐኪሞች የሙያውን መልክ ራሳቸው የሚቀርጹ ይሆናሉ።

ሐኪሞች ወደ ሙያው የሚመጡባቸው መንገዶች

የስፔሻሊቲ ምርጫ በአንድ ቀን ቅጽ ላይ የሚሞላ ይምሰል እንጂ ቀስ በቀስ የሚበስል ውሳኔ ነው። ወደ ቤተሰብ ሕክምና የሚያደርሱ መንገዶች ብዙ ሲሆኑ፣ የሚከተሉት በተለይ የሚጠቀሱ ናቸው።

1. የትውልድ አካባቢ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣውና በ2021 ባሻሻለው መመሪያ በገጠር ያደጉ ተማሪዎችን ወደ ጤና ትምህርት ቤቶች ማስገባት የጤና ባለሙያዎችን በገጠር ለማቆየት ከሚረዱ እርምጃዎች አንዱ መሆኑን አስቀምጧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በገጠር ያደገ ሐኪም የቦታው ርቀት አያስደነግጠውም፤ ቋንቋውን ያውቃል፤ ወላጅ፣ ዘመድና ጎረቤት አለው። ይህ ማለት ግን ከተማ ያደገ ሐኪም ለሙያው አይሆንም ማለት አይደለም። የትውልድ ቦታ ዝንባሌን ያጠናክራል እንጂ ብቻውን ውሳኔውን አይወስንም።

2. በትምህርት ዘመን ወደ ማኅበረሰቡ መውጣት

ተማሪዎች በቡድን ሆነው በጤና ጣቢያ የሚያሳልፏቸው ሳምንታት ለአንዳንዶቹ የመመረቂያ መስፈርት ማሟያ ብቻ ሆነው ያልፋሉ። ለሌሎቹ ግን ታካሚን ከነቤቱ የሚያዩበት የመጀመሪያ አጋጣሚ ናቸው። በሆስፒታል አልጋ ላይ «መድኃኒቱን አቋርጧል» ተብሎ የተመዘገበ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ፣ በቤቱ ሲጎበኝ በመኸር ወቅት እርሻውን ጥሎ ለመሄድ ያልቻለ ገበሬ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያየ ተማሪ ሕክምናን ከሌላ ማዕዘን ማሰብ ይጀምራል።

3. የኢንተርንነት ዓመት

ኢንተርን ሐኪም በየክፍሉ ሲዘዋወር ተመልሰው የሚተኙ ሕመምተኞችን ያገኛል። በስኳር ሕመም ምክንያት ራሷን ስታ የመጣች ወጣት ድና ትወጣለች፤ ከወራት በኋላ በዚያው ሁኔታ ትመለሳለች። ሕይወቷን ማትረፍ የድንገተኛ ክፍሉ ሙያ ነው። እንዳትመለስ ማድረግ ግን ኢንሱሊኑ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚወጋት፣ ምን እንደምትመገብና መቼ እንደምትታይ ማወቅን ይጠይቃል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊንን ውኃ በሚያቀዘቅዘው የሸክላ ዕቃ ማስቀመጥ እንደሚቻል ለቤተሰቡ ማሳየትም ሕክምና ነው። በዚህ ሁለተኛው ጥያቄ የሚሳቡ ኢንተርኖች ለቤተሰብ ሕክምና የቀረቡ ናቸው።

4. የመጀመሪያው የሥራ ምደባ

በአገራችን ለብዙ ዓመታት አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች ወደየክልሉ በዕጣ ሲመደቡ ቆይተዋል። ዕጣው ባላሰበው ወረዳ የጣለው ሐኪም ሥራውን የጀመረው የአገልግሎት ዘመኑን ቆጥሮ ለመመለስ ሊሆን ይችላል። ይሁንና በትንሽ ሆስፒታል የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም በአንድ ቀን አዋላጅም፣ የሕፃናት ሐኪምም፣ የድንገተኛ ሐኪምም ይሆናል። ሥራው ሁለት ዓይነት ስሜት ይተዋል፤ በአንድ በኩል የሙሉ ሐኪምነት ደስታ፣ በሌላ በኩል የሚያውቀው ለሚገጥመው አልበቃ የማለት ጭንቀት። የቤተሰብ ሕክምና ሥልጠና ለዚህ ጭንቀት መልስ ይሰጣል፤ ሐኪሙ ከዚያ ሥራ ሳይወጣ ብቃቱን እንዲያሳድግ ያስችለዋልና።

5. ከሌላ የጤና ሙያ መምጣት

እ.ኤ.አ. በ2012 በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን አመልካቾች ተቀብሏል። በዚህ መንገድ የመጡ ሐኪሞች አንዳንዶቹ ቀድሞ ጤና መኮንን ወይም ነርስ ሆነው ያገለገሉ ናቸው። ጤና ጣቢያውን ከውስጥ ስለሚያውቁት በቡድን መሥራት አይከብዳቸውም።

ያልተደረሰባቸው ማኅበረሰቦች ከሐኪሙ የሚፈልጉት

«የጤና አገልግሎት በበቂ ያልደረሳቸው ማኅበረሰቦች» የሚለው አገላለጽ አንድ ወጥ ሕዝብን አያመለክትም። በመተማና በሑመራ ቆላ ወቅታዊ የእርሻ ሠራተኞች ለካላዛር ይጋለጣሉ። ሠራተኛው ወደ ደጋው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሲታመም በሽታውን የሚጠረጥር ሐኪም ካላገኘ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። በወላይታና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት በትምህርት፣ በእግር ንጽሕናና በጫማ መከላከል የሚቻል ሆኖ ሳለ ሕመምተኛውን ከገበያና ከትዳር ያገልላል። በአርብቶ አደር አካባቢዎች ደግሞ ታካሚው ከከብቶቹ ጋር ስለሚንቀሳቀስ ቀጠሮ በቀንና በቦታ ብቻ አይያዝም። በአዲስ አበባም ቢሆን በትልልቅ ሆስፒታሎች አጥር ሥር እየኖሩ ቋሚ ሐኪም የሌላቸው ድሆች አሉ።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ሕመሙ በሕክምና ብቻ አለመፈታቱ ነው። ለምሳሌ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ቤተሰቡ ወደ ፀበል ሊወስደው ይችላል። ይህን የሚያጣጥል ሐኪም ታካሚውን ያጣዋል። ቤተሰቡን የሚያውቅና የሚከበር ሐኪም ግን ታካሚው ፀበሉ ላይ እያለ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ከቤተሰቡና ከአገልጋዮች ጋር ይነጋገራል። እንዲህ ያለው መተማመን በአንድ ጉብኝት አይገኝም፤ ሐኪሙ በዚያ ቦታ በመቆየቱ የሚሰበስበው ሀብት ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጁሊያን ቱዶር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ ጥሩ ሕክምና በይበልጥ የሚገኘው ብዙም በማያስፈልገው ሕዝብ ዘንድ መሆኑን አሳይተው ነበር። እርሳቸው በዌልስ በምትገኝ የማዕድን ሠራተኞች መንደር ለበርካታ ዓመታት በማገልገል የነዋሪዎቹን የደም ግፊት በተከታታይ ይለኩ ነበር። የቤተሰብ ሕክምና ዋጋ የሚለካው ይህን የተገላቢጦሽ ሁኔታ ለማስተካከል ባለው አቅም ነው። የቤተሰብ ሐኪሞች ሁሉ በዋና ከተማ ቢከማቹ ዘርፉ ስሙን እንጂ ዓላማውን አይጠብቅም።

ምርጫውን የሚያከብዱ ጉዳዮች

ወደዚህ ሙያ የሚያስቡ ሐኪሞች የሚከተሉትን እውነታዎች አስቀድመው ቢያውቋቸው ይጠቅማል።

የሙያው አለመታወቅ፦ ሕዝቡ «የልብ ሐኪም»፣ «የዓይን ሐኪም» ማለትን ለምዷል። ቤተሰብም ልጁ «የምን ስፔሻሊስት» እንደሆነ ለጎረቤት ለማስረዳት ሊቸገር ይችላል። በሕክምና ባለሙያዎች መካከልም ስለ ዘርፉ ያለው ግንዛቤ ገና አልዳበረም።

የሥራ ድርሻ አለመለየት፦ ተመራቂው የተመደበበት ተቋም የቤተሰብ ሐኪምን ሚና ካልተረዳ በአንድ ክፍል ብቻ ሊያሠራው ወይም በአስተዳደር ሥራ ሊይዘው ይችላል። ይህ ሲሆን ሥልጠናው ይባክናል።

ገቢ፦ በከተማ የሚሠራ ስፔሻሊስት ከመደበኛ ሥራው ውጭ በግል ተቋማት ተጨማሪ ገቢ የማግኘት ዕድል አለው። በትንሽ ከተማ ይህ ዕድል ጠባብ ነው።

የቤተሰብ ኑሮ፦ የትዳር ጓደኛ ሥራ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ ከደመወዝ ያላነሰ ክብደት አላቸው። ሐኪሙ ለመቆየት ቢፈልግም ቤተሰቡ ካልተመቸው ይለቃል።

ብቸኝነት፦ የሚያማክረው ባልደረባ የሌለው፣ መድኃኒትና የመመርመሪያ መሣሪያ የሚጓደልበት፣ እረፍት ሲወጣ ተተኪ የማያገኝ ሐኪም ዕውቀቱም ሞራሉም ይደክማል።

እነዚህ ችግሮች በሐኪሙ በጎ ፈቃድ ብቻ የሚፈቱ አይደሉም። መስዋዕትነትን ብቻ መሠረት ያደረገ አገልግሎት ለአጭር ጊዜ ያስመሰግናል፤ ለረጅም ጊዜ ግን አይጸናም። ሐኪሙ እንዲቆይ ከተፈለገ የሚያቆየው ሁኔታ መዘጋጀት አለበት።

ከሌሎች አገሮች ልምድ

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቋቋመችው ጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ጥቂት ተማሪዎችን ይቀበላል። ተመራቂዎቹ በመጡበት ክፍለ ግዛት ለዘጠኝ ዓመታት ካገለገሉ የትምህርት ወጪያቸውን እንዲመልሱ አይጠየቁም። ታይላንድ ከግዴታ አገልግሎት በተጨማሪ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የገጠር ተማሪዎችን መልምላ በየክልሉ ሆስፒታሎች አሠልጥና ወደ መጡበት መመለስን መርጣለች። ብራዚል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በጀመረችው የቤተሰብ ጤና ፕሮግራም ሐኪም፣ ነርስና የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ያሉበትን ቡድን ለተወሰኑ ቤተሰቦች ተጠያቂ አድርጋለች።

ከሦስቱም የሚወሰደው ትምህርት ተመሳሳይ ነው። ግዴታ ሐኪሙን ወደ ቦታው ያደርሰዋል፤ የሚያቆየው ግን ከመነሻው የተደረገው ምልመላ፣ በቦታው የተሰጠው ሥልጠናና በዙሪያው ያለው ቡድን ነው። ኢትዮጵያ በየቀበሌው ያደራጀቻቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለእንዲህ ያለው ቡድን መሠረት ይሆናሉ።

የጤና ተቋማት ኃላፊዎች ሊያደርጉ የሚችሉት

- የቤተሰብ ሐኪሙ ከመድረሱ በፊት የሥራ ድርሻውን በጽሑፍ ማዘጋጀትና ለሠራተኞች ማሳወቅ፤
- ሐኪሙ በሥሩ ያሉ ጤና ጣቢያዎችን በመደበኛነት የሚጎበኝበትን ጊዜና መጓጓዣ መመደብ፤
- ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ታካሚዎች በተቻለ መጠን በአንድ ሐኪም እንዲታዩ ቀጠሮን ማደራጀት፤
- ወደ ላይ የተላከ ታካሚ ሲመለስ የሕክምና መረጃው አብሮት እንዲመጣ ከሪፈራል ሆስፒታሎች ጋር መስማማት፤
- ከወረዳው አስተዳደር ጋር በመነጋገር የመኖሪያ ቤትን ጉዳይ ሐኪሙ ከመምጣቱ በፊት መፍታት።

ከመምረጥ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች

ወደ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የሚገባው በጤና ሚኒስቴር አስተባባሪነት በሚካሄደው አገር አቀፍ የሬዚደንሲ ፈተናና ምደባ ነው። የመመዝገቢያ መስፈርቶችና ቦታዎች በሚወጣው ማስታወቂያ ስለሚገለጹ አመልካቾች የዓመቱን ማስታወቂያ ሊከታተሉ ይገባል። ከዚያ አስቀድሞ ግን አመልካቹ ራሱን የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይመከራል።

- ይበልጥ የሚያረካኝ ከባድ ሕመምን ለይቶ ማወቅ ነው ወይስ አንድን ሰው ለዓመታት መከታተል?
- እርግጠኛ ባልሆንኩበት ሁኔታ፣ በጥቂት ምርመራ ታግዤ መወሰን እችላለሁ?
- ከጤና መኮንንና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለመማር ፈቃደኛ ነኝ?
- ስፖንሰር የሚያደርገኝ ተቋም የትኛው ነው? ከምረቃ በኋላ የት፣ ለስንት ዓመትና በምን የሥራ ድርሻ እንዳገለግል ይጠብቃል? ውሉን አንብቤዋለሁ?
- የትዳር ጓደኛዬና ቤተሰቤ በውሳኔው ተሳትፈዋል?

አመልካቾች በሥራ ላይ ያለን የቤተሰብ ሐኪም አግኝተው ቢቻል ለጥቂት ቀናት አብረው ቢውሉ ከማንኛውም ጽሑፍ የበለጠ ይጠቀማሉ። በተለይ የሐኪሙን ቀላል ቀን ብቻ ሳይሆን አስቸጋሪውንም እንዲያዩ ይመከራል።

ማጠቃለያ

የቤተሰብ ሕክምና ለማንኛውም ሐኪም የሚስማማ ሙያ አይደለም፤ መሆንም አይጠበቅበትም። አገሪቱ የቀዶ ሕክምናም፣ የልብም፣ የነርቭም ስፔሻሊስቶች ያስፈልጓታል። ነገር ግን ታካሚው ወደ እነርሱ የሚደርሰው ችግሩን በጊዜ የለየለት፣ የላከውና ሲመለስ የሚቀበለው ሐኪም በአቅራቢያው ሲኖር ነው። ይህን ሥራ የሚመርጥ አዲስ ሐኪም በመንገዱ ላይ አስቀድሞ ሙያውን ሊያየው፣ ሲመርጠው ሊከበርበትና ሲሠራው ሊቆይበት እንዲችል ማድረግ የትምህርት ተቋማት፣ የጤና ተቋማት፣ የአካባቢ አስተዳደሮችና የኅብረተሰቡ የጋራ ኃላፊነት ነው።